ደብዳቤ ለልጄ፦ «የመጀመሪያ ነው» ከማለትህ በፊት

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እህትህ ትናንት ደውላ ስለዚያ ጥንዚዛ ነገረችኝ፤ በአገሪቱ ተመዝግቦ የማያውቅ ዝርያ እንዳገኘህና ዜናውን ለማውጣት እንደቸኮልክ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴን ባር ባር አለው። ስንት እንዳለህ ብጠይቃት «አንድ ነው፤ ግን ፎቶ አንስቶታል» አለችኝ።

እንግዲህ ስማኝ። ናሙናው መለያ ወረቀቱን ይዞ ሣጥን ሳይገባ፣ ይህን የጥንዚዛ ወገን የሚያውቅ ሌላ ሰውም በዓይኑ ሳያየው፣ «የመጀመሪያ ነው» እንዳትል። ደጋግሜ እለዋለሁ፤ ይሰልችህ። ችኮላው ከማን እንደመጣብህ ሁላችንም እናውቃለን፤ አባትህ አጠገቤ ስለተቀመጠ ስም አልጠራም።

አሁን ይህን ደብዳቤ አስቀምጥና ሄደህ ብልቃጡን እይ። ጥንዚዛው ያለው በምን ውስጥ ነው? 70 በመቶ አልኮል ከሆነ ለቅርጽ ጥናት ይስማማል፤ ለዲኤንኤ ግን አያስተማምንም። 95 ወይም 96 በመቶ ከሆነ ዲኤንኤው ይጠበቃል፤ ገላው ግን ይደርቅና እግሩና አንቴናው ትንሽ ሲነካ ይሰበራል። ያለህ አንድ ብቻ ስለሆነ በንጹሕ ወረንጦ ከግራ በኩል የመሃሉን እግር ንቀልና በተለየ ትንሽ ብልቃጥ በ95ቱ ውስጥ አድርገህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው። የቀረው ገላ በመርፌ ይሰካ። እግሩና ገላው አንድ ዓይነት ቁጥር ይኑራቸው፤ ቁጥሩ ከተለያየ ከሁለቱም ምንም የሚረባ ነገር አታገኝም። ሌሎች ነፍሳትም አብረው ካሉ፣ ገላቸው ውሃ ስላለው አልኮሉን ያቀጥኑታል፤ በማግስቱ አፍስሰህ በአዲስ ተካው። ብልቃጥ እስከ አፉ በነፍሳት መሙላት ሁሉንም ማበስበስ ነው።

አሰካኩን ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ልድገመው። ጥንዚዛ በቀኙ ጠንካራ ክንፍ በኩል ይወጋል፤ መርፌው ሲወጣ በመሃለኛውና በኋለኛው እግር መካከል ይውጣ። መሃል ለመሃል ከወጋኸው ሁለቱ ክንፎች የሚጋጠሙበት መስመር ይፈርስና ዝርያውን የሚለየው ምልክት አብሮ ይጠፋል። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ከሆነ ጭራሽ መርፌ አታሳየው፤ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ትንሽ ካርቶን ጫፉን አጠፍ አድርገህ በደረቱ ቀኝ ጎን ለጥፈው። ሙጫው በውሃ የሚለቅ ይሁን፤ ነገ ሆዱን ማየት የሚፈልግ ሰው ይመጣል።

መለያ ወረቀቱን የምትጽፈው ዛሬ ማታ ነው። አገሩን፣ ክፍለ ግዛቱን፣ ከታወቀ ቦታ በየት አቅጣጫ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ኬክሮስና ኬንትሮሱን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የሰብሳቢውን ስም፣ በምን እንደተያዘ ጻፍ። ለኬክሮሱና ለኬንትሮሱ ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ይበቃል፤ አራተኛው አሃዝ 11 ሜትር ገደማ ነው፤ ስልክህ የሚደረድረው ሰባትና ስምንት አሃዝ ለጌጥ ነው። በምትኩ መሣሪያው የሚያሳይህን የስህተት መጠን በሜትር ጨምርበት። ወሩን በተራ ቁጥር እንዳትጽፈው። 3/4 ለአንዱ ማርች 4 ነው፤ ለሌላው ኤፕሪል 3። ሰብሳቢዎች ወርን በሮማውያን ቁጥር የሚጽፉት ለዚህ ነው። ዓመቱንም ሙሉውን ጻፈው፤ የትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነም ይታወቅ።

ሁለተኛው ወረቀት ላይ የተገኘበት ተክል ይጻፋል። «ቅጠል ላይ» ብለህ እንዳታልፍ። የተክሉን ስም ካላወቅከው አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ተጭነህ አድርቅና ለዕፅዋት ሰው አሳይ። ሦስተኛው ላይ የዝርያው ስም፣ የለየው ሰውና ዓመቱ ይገባል። ወረቀቱ ከአሲድ ነፃ፣ ቀለሙ የማይለቅ ይሁን። አልኮል ውስጥ የሚገባው በእርሳስ ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ ውጭ የተለጠፈው ይላጣል፤ በእስክሪብቶ የተጻፈው ደግሞ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይጠብቅሃል።

ወደ ስሙ ልመለስ፤ ሌሊት የሚያስጨንቀኝ እሱ ነውና። መለያ ቁልፍ፣ ያ በጥያቄ እየመራ ወደ ዝርያው ስም የሚያደርስህ ጽሑፍ፣ የሚሠራው በውስጡ ለተጻፉት ዝርያዎች ብቻ ነው። በአገሩ የሉም ተብለው የተተዉትን አያውቃቸውም፤ አላውቅም ብሎም አይመልስልህም፤ እየገፋ ወስዶ በጣም የሚቀርበው ስም ላይ ይጥልሃል። የአኖፊለስ ስቴፈንሲን ነገር አስብ። የእስያ የወባ ትንኝ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ከሰሃራ በስተደቡብ ሲሠራበት የኖረው፣ በ1987 የታተመው ቁልፍ ግን አልያዛትም፤ በእሱ ብቻ የሄደ ሰው ከአፍሪካዊቷ የወባ ትንኝ ከአኖፊለስ ጋምቢኤ ጋር ሊደባልቃት ይችላል። ጅቡቲም ኢትዮጵያም ለቅርጹ ብቻ ሳይተዉ በዲኤንኤ ያረጋገጡት በከንቱ አይደለም። አሜሪካ አለንታውን ከተማም ከእስያ የመጣው ቡናማው ገማች ትኋን በ1990ዎቹ ማብቂያ ሰው ቤት እየገባ ሲርመሰመስ ትክክለኛ ስሙ የተጠራው በ2001 ነው። አንቴናው ላይ ነጭ ቀለበት አለ፤ የትከሻው ጠርዝ ደግሞ ጥርስ የለውም፤ ከአገሬው ዘመዶቹ የሚለየው በእነዚህ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ይኸው ነበር።

ያንተ ጣጣ ተገላቢጦሹ ሊሆን ይችላል። የሌላ አገር ቁልፍ ይዘህ ከሆነ የገዛ አገርህን የታወቀ ጥንዚዛ የባዕድ ስም ሰጥተኸው ይሆናል። ስለዚህ በአገሩ ቁልፍ፣ በጎረቤቶቹ ቁልፍና የወገኑን የዓለም ዝርያዎች ሁሉ በሚዘረዝረው ጥናት ለየብቻ ሞክር። ሦስቱም አንድ ቦታ ካላደረሱህ የተለያዩበትን ጥያቄ ፈልገህ እዚያ ላይ ቁም። ከዚያ ዝርያው መጀመሪያ የተገለጸበትን ጽሑፍ አንብብ። ጽሑፉ «እግሩ ቢጫ» ካለና ያንተው ጥቁር ከሆነ «ይለያያል» ብለህ አትለፈው።

እህትህ «ዲኤንኤው 99 በመቶ ገጥሟል አለ» ብላኛለች። መልካም። ለነፍሳት የተለመደው የሲኦአይ ዘረመል ቁራጭ 658 ፊደል ነው፤ 99 በመቶ ማለት ስድስት ሰባት ፊደል ይለያያል ማለት ነው። ያ ልዩነት በአንዱ ወገን ውስጥ ምንም አይደለም፤ በሌላው ሁለት ዝርያ ይለያል። የገጠመህስ የማን ናሙና ነው? የመረጃ ቋት ውስጥ ያለ ስም አንድ ሰው የጻፈው ስም ነው፤ እሱ ተሳስቶ ከሆነ አንተም ተከትለኸው ትሳሳታለህ። ከየት እንደተያዘ፣ ማን እንደለየው፣ ፎቶ እንዳለው ተመልከት።

ዝርያው ላይ እርግጠኛ የሚያደርግህ የወንዱ የመራቢያ አካል ነው። ያለህ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ሴት ከሆነችስ? ወንድ ከሆነ እንዲህ አድርግ፦ እርጥብ ወረቀት ባለበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን አሳድረውና ይለስልስ፤ ሻጋታ እንዳይዘው ትንሽ ታይሞል ጨምርበት። ጫፉ በተቆለመመ ቀጭን መርፌ ከሆዱ ጫፍ በኩል አውጣው። 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አድርገህ ብልቃጡን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጥ፤ በየሁለት በየሦስት ደቂቃው እየው፤ አብዛኛውን ጊዜ አስር ደቂቃ ይበቃዋል። ሥጋው እየሟሟ ይለቅና የመራቢያ አካሉ ቡናማ ቱቦ ብቻውን ይቀራል። ረስተኸው ከቆየ ስሱ ሽፋንም አብሮ ይሄዳል፤ ቱቦውም ብርሃን እያሳለፈ ምንም የማይታይበት ይሆናል። አውጥተህ አንዲት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ባለበት ውሃ እጠብ፤ ከዚያ ግሊሰሪን ውስጥ ክተተው። በማይክሮስኮፕ ከላይም ከጎንም እየው፤ ከጎን ሲታይ ጫፉ ወደ ታች ታጥፏል ወይስ ቀጥ ብሏል? ብዙ ጊዜ ሁለት ዝርያ የሚለያየው እዚያች ጫፍ ላይ ነው። ሥራህን ስትጨርስ በትንሽ ብልቃጥ አድርገህ እዚያው ናሙናው መርፌ ላይ ስካው፤ ለብቻው አታስቀምጥ።

«የመጀመሪያ ነው» እንዳትል ያልኩህ ለዚህም ነው፦ በሌላ ስም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። አንድ ዝርያ አራት አምስት የተሻሩ ስሞች ይኖሩታል። እያንዳንዱን ስም ከአገሪቱ የአሁንና የድሮ ስሞች ጋር ለየብቻ ፈልግ፤ ድንበሩ ከዚያ በኋላ ተንቀሳቅሶ ከሆነ የጎረቤቱንም እይ። ከ1864 ጀምሮ ያለውን የእንስሳት ጥናት ማውጫ አገላብጥ፤ የሙዚየም ኃላፊዎችን በደብዳቤ ጠይቅ፤ ማንም ያልጻፈለት ናሙና በመሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ዝርያው የተገኘበትን በሚያሳይ ካርታ ላይ የምታገኘውን ነጥብ ደግሞ አትመነው። ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ተገላብጦ፣ የመቀነስ ምልክቱ ተረስቶ፣ ወይም ቦታው ስላልታወቀ አገሩ መሃል የተጣለ ነጥብ ብዙ ነው። ዜሮ በዜሮ ሆኖ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የገባ ጥንዚዛም አለ።

የቻርልተንን ቢራቢሮ ልጅ ሳለህ ነግሬህ ነበር፤ ታስታውሳለህ? ዊልያም ቻርልተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1702 ለነፍሳት ሰብሳቢው ለጄምስ ፔቲቨር አንድ ቢራቢሮ ላከለት። ቢጫ ክንፍ፣ በላዩ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የታችኛው ክንፍ ላይ ሰማያዊ ጨረቃ። ፔቲቨር ካየው ከዚህ አንድ በቀር ሌላ እንደማያውቅ ጽፎ አሳተመው። ሊኒየስም በ1763 ፓፒሊዮ ኤክሊፕሲስ ብሎ ስም አወጣለት። የዝርያ አሰያየምን ሥርዓት ያወጣው ሊኒየስ ነው እንግዲህ! በ1793 የነፍሳት ሊቁ ፋብሪሲየስ ቀርቦ ቢያየው ክንፉ ቀለም የተቀባ ነው፤ ከሥሩ ያለው በየአጥሩ የሚበረው ተራ ቢጫ ቢራቢሮ። ዘጠና ዓመት ሙሉ ማንም ሁለተኛ አላገኘም፤ አለማግኘታቸውም ማንንም አልከነከነም። የሚገርመኝ ሠዓሊው አይደለም፤ ቀልደኛ በየዘመኑ አለ። የሚገርመኝ ፔቲቨር «አንድ ብቻ ነው» ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ እዚያው ማለፉ ነው። ሐሰቱም የተያዘው ናሙናው ስለነበረ ነው፤ ሥዕሉ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዛሬም እየፈለግነው ነበር። አንተ ያለህ ፎቶ ነው፣ አንድ ጥንዚዛ ነው። በል እንግዲህ።

ወደ ሥራው እንመለስ። ያገኘኸው ከጥንት የነበረና ማንም ያላየው ነው ወይስ በዕቃ ተጭኖ የመጣ? ወደብ ወይም አየር ማረፊያ አጠገብ፣ ከውጭ የገባ ተክል ላይ አንድ መያዝ «ተይዟል» ያሰኛል እንጂ «ሠፍሯል» አያሰኝም። ለመሥፈሩ እጭ፣ ወንድና ሴት፣ በሚቀጥለውም ወቅት እንደገና መገኘቱ ያስፈልጋል። ሰብል የሚበላ ወገን ከሆነ ከማንም በፊት ለአገሩ የዕፅዋት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ንገር። አንዲት የተባይ ዜና የአገር ንግድ ልትዘጋ ትችላለች፤ ማረጋገጡና ለጎረቤት ማሳወቁ የእነሱ ኃላፊነት ነው። በሕይወት ያለ ነፍሳት ይዘህ ከቦታ ቦታ እንዳትንቀሳቀስ፤ በዚህ አልቀልድም። የመሰብሰቢያና የመላኪያ ፈቃድህን ቅጂ ከናሙናው መዝገብ ጋር አኑር፤ ፈቃዱ ላይ ያለው ቦታና ቀን ከመለያ ወረቀቱ ጋር ይግጠም።

ስለዚህ ወደዚያው ቦታ ተመለስ፣ የኔ ጌታ። ጠዋት ሳይሞቅ ሂድ፤ ሲሞቅ ይበራሉ። ነጭ ጨርቅ ከቅርንጫፉ ሥር ዘርጋና በዱላ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርገህ ምታ፤ ደጋግመህ ቀስ ብለህ ብትነካካው አጥብቀው ይይዛሉ እንጂ አይወድቁም። ከተመሳሳዩ ተክል ሌሎቹንም ምታ። ያጣህበትንም ቦታና ሰዓት መዝግብ። አሥር ያህል ይበቃሃል፤ አገሩን አትጨርሰው። ባርኔጣህን አትርሳ።

ከዚያ ግማሾቹን ለሙዚየም፣ ጥቂቱን ወገኑን ለሚያውቀው ሰው ላክ። ስትልክ የሆዱን ግራና ቀኝ በተጨማሪ መርፌ ደግፈው፤ መንገድ ላይ ዞሮ ጎረቤቱን ይሰብራል። ሣጥኑን ሌላ ሣጥን ውስጥ ክተተው፤ በዙሪያው ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ለስላሳ ነገር ጠቅጥቅበት። መልስ እስኪመጣ ጽሑፉን አዘጋጅ፤ ወረቀቶቹ ላይ ያለውን ቃል በቃል ገልብጥ፣ ስንት ወንድ ስንት ሴት፣ የት እንደተቀመጡና በምን ቁጥር፣ ከሚመሳሰሉት በምን እንደሚለይ። መልሱ ሳይመጣ ግን «የመጀመሪያ ነው» የሚለውን ቃል አርዕስቱ ላይ እንዳታስገባ።

ፎቶውን ለማንም እንዳታሳይ ለእህትህ ነግሬያታለሁ፤ አትቆጣት።

እናትህ

ይድረስ ብዬ ቁጥር 2 እና 3 የነፍሳት መርፌ ልኬልሃለሁ፤ የማይዝግ ነው። ቁጥር 0ውን ለጥንዚዛ አትሞክረው፤ ይታጠፋል። ሣጥንህ ውስጥ ደቃቅ ቡናማ ዱቄት ከናሙና ሥር ካየህ ናሙና የሚበላ ጥንዚዛ ገብቶብሃል፤ ሣጥኑን በላስቲክ ጠቅልለህ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆየው፤ ከወጣም በኋላ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ላስቲኩን አትፍታ፤ ውሃ ይቋጥርበታል።