አባባ፣ ስለ መድፉ ከእኔ ይስሙ

ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ልጅ በቁመት አልፎኛል። ትንሿ አማርኛ የምትናገረው ከእርስዎ ጋር በስልክ ስታወራ ብቻ ነው። ጥርሷ ወልቆ አዲሱ እየበቀለ ነው፤ ፎቶዋን ልኬልዎታለሁ።

ስለ ዓይንዎ ሐኪሙ ምን አሉ? ወንድሜን ስጠይቀው «ደህና ነው» ይለኛል። ለእሱ ሁሉም ነገር ደህና ነው።

አንድ ነገር ከሌላ ሰው እንዲሰሙት አልፈለግኩም። ከልጁ ጋር መድፍ እየሠራን ነው። በንፋስ የሚተኩስ ነው፣ ባሩድም እሳትም የለውም። እርስዎ ከማንም በላይ ይገባዎታል። ኮምፕሬሰሩ ታንኩን ይሞላል፣ ከታንኩ ቀጥሎ ቫልቭ አለ፣ ከቫልቩ ወዲያ ረጅም ቧንቧ። ቫልቩ ቀስ ብሎ ከተከፈተ ኳሷ እዚያው አፉ ላይ ትወድቃለች። በአንድ ጊዜ ቦግ ብሎ መከፈት አለበት። ስለዚህ የአትክልት ማጠጫ ቫልቭ ገጠምንለት። ቧንቧው ሲረዝም ኳሷ ትፈጥናለች፤ ከልክ ካለፈ ግን ንፋሱ ይደክምና ፍትጊያው ይይዛታል። ልጁ ይህን ራሱ ነው የደረሰበት፣ ቧንቧውን እየቆረጠ።

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ወዳጃችን እርሻ ላይ የቴኒስ ኳስና ድንች እንተኩሳለን። እዚህ አገር የታወቀ ጨዋታ ነው። አጠገባችን ዴላዌር ውስጥ በ1986 እ.ኤ.አ. የዱባ ውርወራ ውድድር ተጀምሮ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩታ ውስጥ አንድ የአየር መድፍ ዱባ 1,690 ሜትር አስወንጭፏል። ልጁ ይህን ከሰማ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።

አይስጉ። ብዙ ሰው በነጩ የፕላስቲክ ቧንቧ ይሠራል፣ እኔ እምቢ አልኩ። ውኃ ቢሰነጥቀው ይፈስሳል፣ ያበቃል። የታመቀ ንፋስ ግን ያፈነዳዋል፣ ስባሪውም ሰው ይመታል። የእኛ ታንክ የብረት ነው፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ንፋሱን የሚያስወጣ ሴፍቲ ቫልቭ አለው። የንፋሱን ግፊት ከ60 ፒኤስአይ አናሳልፍም፤ እርስዎ ለአይሱዙ ጎማ ከሚሞሉት ያንሳል። ጎማ ሲሞሉ «ፊት ለፊት አትቁሙ!» እያሉ ሲጮሁ የሰማሁትን ነው ለልጁ የምጮህበት። ጆሮውንም ሳይሸፍን አይተኩስም። መሸፈኛውን ስገዛ የእርስዎ ቀኝ ጆሮ ነበር ሐሳቤ ውስጥ።

አባባ፣ ያቺን የእኔን ቧንቧ ያስታውሷታል? ከጓሮ በተጣለ ቧንቧና በብስክሌት መንፊያ የሠራኋትን? የብርቱካን ልጣጭ ትተኩስ ነበር። ደንበኞቹ እየሳቁ አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን ሮጬ የመጣሁት ለእርስዎ ላሳይ ነው። ከእጄ ቀምተው ድንጋይ ላይ ሰበሯት። አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ «ሴት ልጅ ጎሚስታ ቤት ምን ትሠራለች» ተባለ። ወንድሜ ቁልፍ ሲያቀብልዎ እኔ ከጓዳ ሆኜ የኮምፕሬሰሩን ድምፅ እሰማ ነበር። እሱ እኮ ሥራውን አይወደውም ነበር። እኔ ነበርኩ የምወደው።

እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ተዪው፣ ምጽዋ ነው» አለችኝ። ልጅ ነበርኩ፣ ምጽዋ ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም። አሁን ስለ የካቲት 1982ቱ የምጽዋ ጦርነት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። መድፈኛ እንደነበሩ ግን የነገረችኝ እማዬ ናት። ከእርስዎ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እያወቅኩትም ይቆጠቁጠኛል። ሰብረውም ቢሆን ምነው ቁጭ አድርገው በነገሩኝ።

ወንድሜ ያንን አሮጌ ኮምፕሬሰር አሁንም ራስዎ እንደሚያስነሱት ነገረኝ። እባክዎ! ታንኩ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፣ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም የለውም። ማታ ማታ ከሥሩ ያለችውን ቡሎን ከፍተው ውኃውን ያፍስሱት፣ ንፋሱ ከወጣ በኋላ። ሴፍቲ ቫልቩንም ወንድሜ ይፈትሸው። የአዲሱን መግዣ ብር እልካለሁ። ለመድኃኒት ከምልከው ለብቻው ያስቀምጡት፣ ለሰው እንዳያበድሩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንደውላለን። ልጁ የመድፉን ቪዲዮ ሊያሳይዎ ቸኩሏል። «መጀመሪያ አባባ ይፍቀዱ» ብዬዋለሁ። ስለ ምጽዋም ሊጠይቅዎ ይፈልጋል፣ እስካሁን ከልክዬዋለሁ። እኔ ባለሁበት ማውራት ከከበደዎ ለእሱ ይንገሩት፣ እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ።

የዓይንዎን ቀጠሮ ቀን ግን ለወንድሜ ሳይሆን ለእኔ ይንገሩኝ።

የምትወድዎት ልጅዎ