ለነሱም ተወልዶላቸዋል ወይ?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከማለት በቀር ደህና ናት፤ አሁንም "ያ ልጅ ምነው ድምፁ ጠፋ?" ትላለች። ስንት ጊዜ እንደተጠፋፋን አልቆጥርም፤ አንተም አትቁጠር። ቸርች ከቀየርክ ወዲህ የሃይማኖት ነገር እንዳይነሣ ስንሸሽ ስንሸሽ ሰላምታውም አብሮ ቀረ። ዝምታውን የሰበረው ደግሞ ያው ሃይማኖት ሆነና አረፈው። ስንት ዘመን ጠፍቶ ብቅ የሚል ሰው "እንዴት ነህ?" ይላል። አንተ "ኤሊየን ከተገኘ ክርስትና አበቃለት ማለት ነው?" ብለህ የድምፅ መልእክት ትልካለህ! ብቻዬን ሳቅኩ።

በድምፅ ልመልስልህ ስጀምር ረዘመብኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ዜናውን እናጥራው። ያየኸው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ኬ2-18ቢ በምትባል ፕላኔት ላይ የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል ነገር አየን ብለው ያወጡት ነው። እንዲህ ነው የሚያዩት። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ የኮከቡ ብርሃን በጣም በትንሹ ይቀንሳል። ከብርሃኑ ጥቂቱ ደግሞ በፕላኔቷ አየር ውስጥ ሾልኮ ይመጣል፤ አየሩ ውስጥ ያለው ጋዝም ከብርሃኑ ላይ የራሱን ድርሻ ያስቀራል። ጀምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ምን እንደጎደለ ይለካል፤ ከጎደለው ተነሥተው ጋዙን ይገምታሉ። እነሱ የገመቱት ዳይሜታይል ሰልፋይድ የሚባለውን ነው። እኛ ምድር ላይ በብዛት የሚያመነጩት የባሕር ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ግን ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ደግመው ሲያሰሉት ምልክቱ ደካማ ነው አሉ። ያው ጋዝ ሕይወት በሌለበት ጅራታም ኮከብ ላይም ተገኝቷል። ስለዚህ እስካሁን ማንም አልተገኘም።

ደግሞ ርቀቷ 124 የብርሃን ዓመት ነው። ዛሬ የምናየው ብርሃን የተነሣው አጤ ምኒልክ ዙፋን ላይ እያሉ ነው። ወንጌል በሬዲዮ ብንልክላቸው "ደርሶናል" የሚለው መልስ የሚመጣው ከ248 ዓመት በኋላ ነው። የናንተ ሚሽነሪዎች ትዕግሥት ካላቸው ይሞክሩት።

ፓስተራችሁ "ኤሊየን የሚባሉት አጋንንት ናቸው" ማለቱን ነግረኸኛል። እኛም ጋ ከሱ የማይሻል አለ። ቲክቶክ ላይ መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ "እነዚያ የወረዱት ትጉሃን መላእክት ዩፎ ነበሩ" የሚል መዓት ነው። ሄኖክን ሙሉውን ጠብቃ ያቆየችው ቤተ ክርስቲያን አንድም ቀን እንዲህ አላለችም። መላእክት ረቂቃን ናቸው። ብረት ነገር ውስጥ ገብተው ምን ያደርጋሉ?

አሁን ወደ ጥያቄህ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1277 የፓሪሱ ጳጳስ ኤትየን ታምፒዬ 219 አስተያየቶችን አወገዘ። ከነሱ አንዱ "እግዚአብሔር ብዙ ዓለማትን መፍጠር አይችልም" የሚለው ነበር። ያኔ ዓለም አንድ ብቻ ነው ብለው የሚሟገቱት የአርስቶትል ተማሪዎች ነበሩ፤ በሩን የከፈተው ጳጳሱ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጊዮም ደ ቮሩዮን የሚባል የፍራንሲስካን መነኩሴ ያንተን ጥያቄ ሊጠይቅ ምንም አልቀረውም። እዚያ ሰዎች ቢኖሩ ከአዳም ስላልተወለዱ የአዳም ኃጢአት የለባቸውም አለ። ክርስቶስ እዚህ መሞቱ ለነሱም ሊበቃ ይችላል፤ እዚያ ሄዶ ዳግመኛ መሞት አያስፈልገውም ብሎም ጨመረ። "ብዙ ዓለማት አሉ ያለውን ጆርዳኖ ብሩኖን አቃጥለውት የለም ወይ?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1600 አቃጥለውታል፤ ግን ከብዙ ዓለማት ሌላ በሥላሴና በክርስቶስ አምላክነት ላይም ተከሶ ነበር።

ፌዙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1794 በጸሐፊው በቶማስ ፔይን ነው። እያንዳንዱ ዓለም ሔዋንና ፖም ካለው የእግዚአብሔር ልጅ ከዓለም ወደ ዓለም እየዞረ ሲሞት ሊኖር ነው ወይ ብሎ ዘበተ። ፌዝ ቢሆንም ጫማው የሚቆነጥጥበትን ቦታ በትክክል ያገኘው እሱ ይመስለኛል። የእግዚአብሔር መኖር አይነካም፤ ፈጣሪነቱም አይነካም። የሚቆነጥጠው ሥጋዌው፣ ማለትም አምላክ ሰው መሆኑ ነው።

እኛ ልጅ ሆነን የኔታ 22ቱን ሥነ ፍጥረት ሲያስቆጥሩን ታስታውሳለህ? እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ እያለ ዓርብ ላይ 4 ብሎ በሰው ያልቃል። አንዳንዱ ሰው "እዚያ ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ የሉም" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ካንጋሩም በስም አልተጠራም። የኔ ጭንቅ ሌላ ነው። ሰማዩ ለኛ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ኢዮር፣ ራማ፣ ኤረር ብለን መቶ ነገደ መላእክት አስፍረንበታል። ከሰው ሌላ የሚያስብ፣ የሚያመሰግን፣ የሚወድቅም ፍጥረት አለ ሲባል አንደነግጥም። ዕብራውያን 2፥16 ደግሞ ክርስቶስ የያዘው የአብርሃምን ዘር እንጂ የመላእክትን አይደለም ይላል። ስለዚህ ታሪኩ ከኛ ታሪክ የተለየ ፍጥረት አለ ማለት ነው፤ መጽሐፉ ራሱ አምኖታል።

ግን መላእክት ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስዱን። ሥጋ የላቸውም። እነዚያ ቢገኙ ግን የሚራቡ፣ የሚወልዱ፣ የሚሞቱ ናቸው። ለአዳም የተገባው ቃል "ከ5 ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ" የሚል ነው፤ 5,500 ዓመት ማለት ነው። የዘመድ ነገር ነው። የተዋሐደው የኛን ሥጋ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባት ጎርጎርዮስ ዘናዝያንዙ ያልተዋሐደው አልዳነም ብሏል። እንግዲህ የአዳም ደም የሌለው፣ ግን ኃጢአትን የሚያውቅ ፍጥረት ቢመጣ፣ በማን ሥጋ ይድን?

የቫቲካን የሥነ ፈለክ ተቋም ኃላፊ የነበሩት ኢየሱሳዊው (ጀስዊት) ካህን ሆሴ ፉኔስ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ መልስ ሰጥተው ነበር። ምናልባት የጠፋችው አንዷ በግ እኛ ነን፤ ያልጠፉት 99ኙ እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ አሉ። ደስ ይላል። ትንሽም ያዋርዳል፤ ለዚህ ነው የወደድኩት። ግን ወድቀው ቢገኙስ? ለዚያ መልስ አይሆንም። እኔ ወደዚያ ፍራንሲስካን መነኩሴ አዘነብላለሁ፤ ቆላስይስ 1፥20 በመስቀሉ ደም በምድር ያለውንም በሰማያት ያለውንም አስታረቀ ይላልና። እንዴት እንደሚደርሳቸው አላውቅም። ለኛስ እንዴት እንደደረሰን መች ጨርሰን ገባን?

"ሰው ይክዳል" ላልከው አንድ ነገር ልንገርህ። ቴድ ፒተርስ የሚባል አሜሪካዊ የሉተራን የነገረ መለኮት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ከ1,300 በላይ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። አብዛኛው አማኝ "የኔ እምነት አይነቃነቅም" አለ። የሌላውስ ሲባል ግን የሚፈራው ሰው ቁጥር ከፍ ይላል። አየህ፣ ሁሉም የጎረቤቱ ሃይማኖት ነው የሚያሳስበው! እኔና አንተም ያው ነን። አንተ ለኔ ፈርተህ ነው የጠየቅከኝ፤ እውነቱን ተናገር።

በል እንግዲህ፣ የዕብራውያኗን ጥቅስ እናንተ ጋ እንዴት እንደሚያብራሩዋት ጠይቀህ ጻፍልኝ። ፓስተሩን ሳይሆን ያንን ግሪክኛ ተምሯል ያልከኝን ልጅ ጠይቀው። እኔም መጽሐፍ ቤት ያሉትን መምህር አስቸግራለሁ። እማዬ "ለገና ይመጣል ወይ?" ብላለች፤ እውነቱን ንገራት፣ በግ ልትገዛ ነው።

ያንተው ወንድምህ