ኢንሱሊን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አይደበቅም

ውድ አዘጋጅ፣

ታናሽ እህቴ ነሐሴ ላይ ለትምህርት ቶሮንቶ ትሄዳለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይነት 1 ስኳር አለባት፤ ያለ ኢንሱሊን ውላ አታድርም። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነው። መንገደኛ ያለበት ቤት እንደምታውቁት ቡና በተፈላ ቁጥር መካሪ ይበዛል፤ ምክሩ ግን ያው አንድ ነው፦ «ሰው አይወቅብሽ፣ መርፌውን ልብስ መሀል ጠቅልለሽ ትልቁ ሻንጣ ሥር ክተቺው።» አክስቴማ በርበሬው መሀል ይሁን ብላለች። አዝነውላት ነው፣ ይገባኛል። ግን ኧረ በአላህ፣ ይሄ ምክር ሰው ይገድላል!

የአውሮፕላን ዕቃ መጫኛ በጣም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም ዋጋ የለውም፣ ይጣላል። ክፋቱ ብልቃጡን አይቶ መለየት ሁልጊዜ አይቻልም። ሻንጣውስ ቢጠፋ? ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲቋረጥበት ቀን ሳይሞላ ደሙ ወደ አሲድነት መሄድ ሊጀምር ይችላል፣ ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ ራስን መሳት። ስለዚህ ኢንሱሊኑም፣ ስሪንጁም፣ መለኪያውም በእጅ ቦርሳ፣ ከነካርቶኑ።

ብዛቱስ ካላችሁ፣ ከሚያስፈልጋት እጥፍ ነው የያዝንላት። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ መድኃኒት መጥፋት ምን እንደሆነ ያየ የደሴ ሰው ይሄን አያከራክርም። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ እስካላለፈ ድረስ ከፍሪጅ ውጭ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በረዶ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወረድ እንኳ ሙቀቱ ይለያል፣ ስለዚህ ቦርሳውን ፀሐይ በሚመታው የመኪና መስኮት ሥር አታስቀምጡት።

ስኳር ቢወርድባትስ? ከ70 በታች ከሆነ ቶሎ ጣፋጭ መውሰድ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ጭማቂ ፍተሻ ላይ ሊያከራክር ስለሚችል ከረሜላ ኪሷ ውስጥ አይጥፋ። የምግብ ኢንሱሊኗን ደግሞ ትሪው ፊቷ ሳይቀርብ አትወጋም፤ የአውሮፕላን ምግብ ይመጣል ሲባል ይዘገያል። ወደ ምዕራብ ስለምትበር ቀኗ በሰባት ሰዓት ይረዝማል፣ የመርፌው ሰዓት እንዴት እንደሚሸጋሸግ ሐኪሟ ጋ ቁጭ ብለው ጽፈውታል። ይሄ በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም።

ካናዳ ሲደርሱ የስኳር መለኪያው ቁጥርም ይለወጣል። እዚህ 144 የምንለውን እዚያ 8 ይሉታል፤ የእኛን ለ18 ማካፈል ነው። ይሄን ያልሰማ ሰው 8 ሲያይ ወረደብኝ ብሎ ስኳር ይቅማል። (ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 የተገኘው ቶሮንቶ ነው፣ መቼስ እዚያ ሄዳ ኢንሱሊን ብታጣ ጉድ ነው!)

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ለፍተሻና ለድንበር የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልጋል። አንድ ጤና ተቋም ስንጠይቅ «ካርዷን ታሳያቸው» ብለው መለሱን። የካርዱን ጽሑፍ እንኳን የቶሮንቶ ፈታሽ እኛም አናነበውም። በኋላ ሌላ ቦታ አንድ ሐኪም በእንግሊዝኛ ታይፕ አስደርጎ፣ ስሟን ልክ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው፣ ከዚያ የበሽታውን ስም፣ የኢንሱሊኑን ዓይነትና መጠን፣ መርፌና መለኪያ መያዝ እንዳለባት ጽፎ ማኅተም መታበት። አለቀ። ወሎ ጅዳና ዱባይ የሚሄደው፣ ሐጅ የሚወጣው ብዙ ነው፤ ከእነሱ መሀል ስኳር ያለበት አይጠፋም። የጤና ቢሮዎቻችን ይህችን አንድ ገጽ በቅጽ አዘጋጅተው ለየተቋሙ ቢበትኑ ምን ይከብዳቸዋል? ናሙና ከቸገራቸው የእህቴን ደብዳቤ ስሟን ሸፍኜ ኮፒ አድርጌ እሰጣቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ