ቁጥሩ ያው፣ ክሩ ሌላ

ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለክር አስመጪና አከፋፋይ ድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በድሮ ቁጥር አዲስ ቀለም ስለመሸጣችሁ

ጤና ይስጥልኝ።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ። የጥልፍ ክራችሁን መግዛት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስከ ዛሬ ቅሬታ ጽፌላችሁ አላውቅም። ክሩ ሲበጠስ እቋጥራለሁ፣ ዋጋው ሲጨምር እያጉረመረምኩ እከፍላለሁ። ይሄኛው ግን አልዋጥልኝ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት ላይ የመልስ ልብስ ትእዛዝ ተቀበልኩ። ሠርጉ ጥር 17፣ መልሱ በማግስቱ። መጀመሪያ የተነገረኝ ስምንት ቀሚስ ነበር፤ ክሩንም በዚያው ልክ ገዛሁ። ሠርግ ነውና ሚዜ ተጨመረች፣ የአጎት ልጅ ተጨመረች፣ መጨረሻ ላይ አክስት መጣች። 11 ሆነ። ነጭ ፈትል ላይ ወይን ጠጅ ጥልፍ ነው፤ ደረቱ ላይ መስቀል፣ እጅጌውና ታችኛው ጠርዝ ላይ ሐረግ። ቀለሙን ሙሽራዋ ራሷ ከእናንተ የቀለም ካርድ ላይ በጣቷ እየዳሰሰች መረጠች። ቁጥር 147።

ሰባቱን እንደጨረስኩ ክሩ ሊያልቅ ሆነ። ታኅሣሥ 18 ቀን ያንኑ 147 አራት ኮን (የክር ጥቅል) ጨምሬ ገዛሁ። ደረሰኙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ማታ ሱቄ ውስጥ አዲሱን ኮን ከድሮው ጎን አቆምኩት። በመብራት አንድ ነው። ቅንጣት ታህል እንኳ አልተጠራጠርኩም። ቁጥሩ አንድ፣ ካርቶኑ አንድ፣ ምን ብዬ ልጠርጥር? በሁለት ሌሊት የሁለት ቀሚስ ደረትና እጅጌ ጠለፍኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልብሶቹን በር ላይ ሰቅዬ ስመለከት ፀሐይዋ ጉዴን አወጣችው። የድሮው ጠቆር ብሎ ወደ ሐምራዊ ያደላል። አዲሱ ሸክላ ነው። ጀበና በሉት። ጎረቤቴ ቡና ልትጠራኝ መጥታ ገና ከደጅ "ይሄኛውን ሌላ ሰው ነው እንዴ የሰፋልሽ?" አለችኝ።

ክር የሚሸጥ ሰው ይሄን ያጣዋል ብዬ አላምንም። ሁለት ክር በተለያየ ማቅለሚያ ከተነከረ በአንድ ዓይነት መብራት ሥር መንታ መስሎ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሊካካድ ይችላል። ፋብሪካዎች ክርን በመብራት ሣጥን ውስጥ፣ አንዴ በቀን ብርሃን አምሳያ አንዴ በሱቅ መብራት አምሳያ እያቀያየሩ የሚያዩት ለዚሁ ነው። ያው ቀለም በሌላ ዙር ሲነከር ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱንማ ለምደነዋል። ልብ ካልነው አንድ ቀሚስ በአንድ ዙር ክር እንጨርሳለን፤ ካመለጠን ልዩነቱን ብብት ሥር እንደብቀዋለን። ይሄ ግን ብብት የሚሸፍነው አይደለም።

ሱቃችሁ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ጨዋ ነው፣ እሱን አልከስም።

"እመቤት፣ ቁጥሩ እኮ አንድ ነው" አለኝ።

"ቁጥሩማ አንድ ነው። ክሩ ነው ሌላ።"

ጠይቆ ተመለሰና ድርጅቱ የቀለም ዝርዝሩን እንዳደሰ፣ አንዳንዶቹ እንደወጡ፣ አንዳንዶቹ "እንደተሻሻሉ" ነገረኝ። 147 ከተሻሻሉት ውስጥ ነው። ከዚያ አጽናንቶኝ ሊሰናበት "ሲታጠብ ይመሳሰላል" አለ። ታጥቦ የሚመሳሰል ክር እኮ ቀለሙን የሚለቅ ክር ነው! ነጭ ፈትል ላይ ለምሠራ ሰው ይሄ ማጽናኛ ሳይሆን ማስፈራሪያ ነው። ለነገሩ የዚያኑ ዕለት ቁራጭ ላይ ጠልፌ አጠብኩት። አልለቀቀም፤ በዚህ አመሰግናለሁ። አልተመሳሰለምም።

ከዚያ መፍታት ጀመርኩ። ጥልፍ መፍታት ከመጥለፍ ይከፋል። ከጀርባ በምላጭ ጫፍ ይቆረጣል፣ ከፊት ተራ በተራ ይመዘዛል። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ደግሞ ክሩ ሲወጣለት ድርና ማጉ ይሸሻል፣ የመርፌው ቀዳዳም አፉን ከፍቶ ይቀራል። ውኃ ረጭቼ በጥፍሬ እየጠረግሁ አንዱን ቀሚስ መለስኩት። የሌላው ደረት ወንፊት ሆነ፤ ጨርቁን ከኪሴ ገዝቼ እንደገና ቆረጥኩ። ሦስት ቀን ሄደ። የድሮውን 147 ፍለጋ ሰፈሩን በሙሉ ዞርኩ። ከአንዷ ግማሽ ኮን፣ ከሌላዋ ቦቢን ላይ የቀረ ለመንኩ። ለአሥር ቀሚስ በቃ። ለአሥራ አንደኛው አልደረሰም። የአክስትየዋ በአዲሱ ክር ሄደ። የመልሱን ፎቶ አይቼዋለሁ፤ ጫፍ ላይ ያቆሟት እሷን ነው።

"ቀለሙን በስሙ ብታዢስ?" የሚል ካለ፣ መልሴ ይሄው ነው። በእኛ ሥራ ስም አያግባባም። ወይን ጠጅ ስል አንዱ ቀዩን ያነሳል፣ ሌላው ሐምራዊውን። "ቡና ዓይነት" ስትሉ ጥሬው ነው፣ የተቆላው ነው፣ ወይስ ወተት የገባበት? ለዚህ ነው ከሸማኔውም፣ ከጠላፊውም፣ ከደንበኛውም ጋር በቁጥር የምንነጋገረው። ዋሽንግተን ያለች ደንበኛዬ ከሁለት ዓመት በፊት ለወሰደችው ቀሚስ ነጠላ ጨምሪልኝ ትላለች። ቀሚሱ እሷ ጋ ነው። በስልክ የላከችው ፎቶ በአንዱ ስክሪን ቀይ፣ በሌላው ቡኒ ነው። እኔ እጅ ያለው ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ብቻ ነው። እናንተ ያንን ቁጥር ሌላ ቀለም ላይ ስትለጥፉ የስድስት ዓመት ደብተሬን ነው የቀደዳችሁብኝ።

አዲሱ የቀለም ካርዳችሁ ደግሞ ብሶበታል። የድሮው ላይ የተለጠፈው እውነተኛ ክር ነበር። አዲሱ የታተመ ፎቶ ነው። ቀለም አስተያይተው የሚገዙ ሁሉ እንደሚያውቁት ክር ከነጥቅሉ ጠቆር ብሎ፣ አንድ ዘለላው ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ፈካ ብሎ ይታያል። ያብረቀርቃልም። ወረቀት ላይ የተረጨ ቀለም ይሄን ከየት ያመጣዋል?

ቀለም መቀየራችሁን አልቃወምም። ማቅለሚያ ይጠፋል፣ ዋጋው ይወደዳል፣ የማይሸጥ ቀለም ይኖራል። ይገባኛል። ግን ወግ አለው። ዲኤምሲ የሚባለው ነባር የፈረንሳይ ክር አምራች በፈረንጆቹ 2017 ሠላሳ አምስት አዲስ የጥልፍ ክር ቀለም ሲያወጣ ከ01 እስከ 35 የራሳቸውን ቁጥር ነው የሰጣቸው። የድሮውን ቁጥር ነጥቆ አላለበሳቸውም። ይሄ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይመስለኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው፣ አንደኛ ያልተከፈቱትን ሦስት ኮኖች መልሳችሁ ወስዳችሁ ገንዘቤን እንድትሰጡኝ፣ የተበላሸውንም የአንድ ቀሚስ ፈትል እንድትተኩ ነው። የሦስት ቀን ጉልበቴን ለእናንተ ፍርድ ትቼዋለሁ። ከዚያ በላይ የምፈልገው ግን የትኞቹ ቁጥሮች እንደተነኩ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለሱቆቹ እንድትበትኑ ነው። እንደኔ ከሠርግ መሐል የምትጠመድ ሌላ ሰፊ አታጡም። አዲሱ ቀለም አዲስ ቁጥር ይሰጠው። የማቅለሚያው ዙር ቁጥር ኮኑ ሥር ይታተም፣ ስንገዛ ገልብጠን እንድናይ። መጋዘናችሁ ውስጥ የድሮው 147 ተርፎ ከሆነ ደግሞ ደውሉልኝ፤ የአክስትየዋን ቀሚስ ፈትቼ እጠልፈዋለሁ፣ ቃል ገብቼላታለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ቁራጭ ነጭ ፈትል ልኬያለሁ። በግራ የድሮው፣ በቀኝ አዲሱ 147 ተጠልፎበታል። እባካችሁ ቢሮ ውስጥ አትዩት። ጠዋት ደጅ ይዛችሁት ውጡ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ