ሞተሩን ከማውጣትህ በፊት

ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? ከተጻጻፍን ስንት ዘመን ሆነን! የናፍቆቱ ወሬ ለብቻው አንድ ደብዳቤ ስለሚወጣው በሚቀጥለው እመጣበታለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ፒክአፕህ ነው። የጋራ ወዳጃችን ያ አሮጌ ሃይሉክስ አሁንም ካንተ ጋር እንዳለ ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያለኝ ነገር ግን ከነከነኝ። "ጉልበት የለውም፣ ዳገት ላይ ይሞታል" ብለህ 3ኤል የተባለውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተሩን አውጥተህ ሌላ ልታስገባ ነው አሉ።

እባክህ አትቸኩል። መጀመሪያ ይህን አንብብልኝ።

ይህን ሞተር ሰው ሁሉ ይንቀዋል፤ ያለ ጥፋቱ ነው የሚናቀው። የኤል ሞተሮች ዘር በ1977 እ.ኤ.አ. በ2.2 ሊትር ነው የጀመረው። ያንተው 2779 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ምትም እኩል 96 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኩም ቴስታታውም (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ብረት እንጂ አሉሚኒየም አይደሉም። የናፍጣ ፓምፑ ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር አያዘውም። አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦም የለውም። ለፍጥነት ሳይሆን ጭነት ይዞ ለዓመታት እንዲሠራ የተሠራ ሞተር ነው። እኔ የምወደውም ለዚሁ ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ታውቀዋለህ። 91 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 4000 ዙር፣ 188 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ደግሞ በ2400 ዙር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ አስላቸው። 2400 ላይ ያለህ 64 ፈረስ ገደማ ብቻ ነው። 4000 ስትደርስ ደግሞ ቶርኩ ወደ 160 ወርዷል። ስለዚህ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ 2400 ላይ እየረገጥክ "አይሄድም" ብትል ሞተሩ ምን ያድርግ? ማርሽ ቀንስና 3200 አካባቢ አድርሰው። ወደ 80 የሚጠጋ ፈረስ ታገኛለህ። ሞተሩ ሲጮህ አትዘንለት፣ ምንም አይሆንም። እንዲያውም የሚጎዳው በዝቅተኛ ዙር ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠህ ስታስጨንቀው ነው።

ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። ፋብሪካው የሰጠው 91 ፈረስ ዛሬ ሞተሩ ላይ ያለ ይመስልሃል? ይህን ያህል ዓመት የሠራ ሞተር ከጉልበቱ የተወሰነውን በየቦታው አፍስሶታል። ከመጨመርህ በፊት የጠፋውን መልስለት። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ቱርቦ ይገዛል።

ከሚቀለው ጀምር። አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ይርገጥልህና አንተ ኮፈኑን ከፍተህ የፓምፑን እጀታ ተመልከት። መጨረሻው ድረስ ይደርሳል? ገመዱ ረግቦ ከሆነ አይደርስም። እንዲህ የሆነ መኪና ዓመት ሙሉ ሩብ ጉልበቱ ጎድሎ ይነዳል፣ ባለቤቱም ሞተሩን ይሰድባል። ከዚያ የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይር፣ ውኃውንም አፍስስ። ከታንከር ወደ ፓምፕ የሚመጣው ጎማ አርጅቶ አየር እየሳበ እንደሆነም እይ። ፓምፑ መግቢያ ላይ ለጊዜው ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ አስገባ፤ አረፋ ካየህ ጥፋቱ እዚያ ነው። ፍሬኑ ሳትረግጠው የሚይዝ፣ ፍሪሲዮኑም የሚንሸራተት እንዳይሆን አረጋግጥ። እነዚህ ከሞተሩ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖራቸው በሞተሩ ስም የሚከሰሱ ናቸው።

ስለ አየር በደንብ ልንገርህ፤ ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ ናፍጣ መጨመር ቀላል ነው። የሚቸግረው አየሩ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለው ናፍጣ ልክ የሚወሰነው በገባው አየር ነው። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውልቆ ክፍት ፊልትሮ ያደረገበት ሰው ካለ ሳጥኑን መልሰው። የፋብሪካው ሳጥን ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ክፍቱ ፊልትሮ ግን የሞተሩን ትኩስ አየር ነው የሚስበው። አየር በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 3 በመቶ ያህል ይሳሳል። ኮፈን ውስጥ ደግሞ ልዩነቱ 30 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ድምፁ ያምራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከፍታም እንደዚሁ ነው። ከባሕር ወለል 1000 ሜትር ከፍ ባልክ ቁጥር ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ኢጂአር የሚባለው፣ ጭሱን ወደ ማስገቢያው የሚመልሰው ቫልቭ ካለውም ማስገቢያውን ፈትተህ እይ። ውስጡ በጥቀርሻ ተደፍኖ የመተንፈሻው ቀዳዳ ግማሽ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ።

ቀጥሎ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚያምቁበትን ግፊት፣ አስለካ። ይህን አትዝለለው። የሚለካው በማሞቂያ ካንዴላዎቹ ቀዳዳ ነው። ጤነኛ 3ኤል 31 ባር አካባቢ ይሰጣል። ዝቅተኛው ወሰን 20 ባር አካባቢ ነው። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ5 ባር መብለጥ የለበትም። ቁጥሩ ከወረደ ምንም ዓይነት ቱርቦ አያድነውም። ግን ወርዷል ብለህ ወዲያው ሞተር አታስወርድ። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት ይስተካከል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ ማስወጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ነው። የቫልቭ መቀመጫው እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ እየጠበበ ይመጣል። በመጨረሻ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ኮምፕረሽኑም ያፈስሳል። ይህ ክፍተት የሚስተካከለው ሳንቲም በምታህል ክብ ብረት ውፍረት ስለሆነ ብዙ ጋራዥ ይሰለቸዋል። አንተ ግን አስደርገው።

ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስወርደህ መሞከሪያ ማሽን ላይ አስያቸው። መርጨት እንጂ ማንጠባጠብ የለባቸውም። ከዚያ የፓምፑ ታይሚንግ፣ ማለትም ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት፣ አለ። ሞተሩ ሲያረጅ ታይሚንጉ እየዘገየ ይሄዳል፣ ሞተሩም ለስላሳ ግን ሰነፍ ይሆናል። መካኒኩ በጆሮ "አሁን ጥሩ ነው" ካለህ አትቀበለው። ፓምፑ ጀርባ ላይ ዲያል ጌጅ የሚባል ባለ መርፌ መለኪያ ተገጥሞ ነው የሚለካው። በጣም ከቀደመ ጥቅጥቅታው ይበዛል፣ ጓርኒሲዮንና (የቴስታታው ማሸጊያ) ፒስተንም ይጎዳል። እግረ መንገዱን የታይሚንግ ቺንጋውን ዕድሜ ጠይቅ። 100,000 ኪሎ ሜትር ከሞላው ይቀየር። ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ።

አሁን ስለዚያች ፓምፑ ጀርባ ላይ ስላለች ብሎን እናውራ። ሰው ሁሉ ይነግርሃል፤ "ትንሽ አጥብቃት፣ እሳት ይሆናል" ይልሃል። እውነት ነው፣ ናፍጣ ትጨምራለች። አየሩ ግን ያው ነው። ትርፉ ናፍጣ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ የጭሱ ሙቀትም ያሻቅባል። ጥቁር ጭስ ጉልበት የሚመስላቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል። የሚያዩት የባከነ ናፍጣና የሚቀልጥ ፒስተን ነው። ደህና ሞተር ሙሉ ፔዳል ላይ እንደ ስስ ጥላ ያለች ጭስ ቢያሳይ ይበቃዋል። ጭራሽ ጭስ ከሌለውና ኮምፕረሽኑም ታይሚንጉም ደህና ከሆነ ብቻ በጣም ጥቂት ማዞር ይቻላል። የነበረበትን ቦታ ግን አስቀድመህ ምልክት አድርግበት።

ጎማህ ከፋብሪካው መጠን ይበልጣል? በ10 በመቶ የተለቀ ጎማ ማርሹን በ10 በመቶ ያረዝመዋል፤ መኪናው የደከመው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ወይ ጎማውን መልስ፣ ወይ የዲፈረንሻሉን ጥርስ ቀይር። የጥርሱን ምጣኔ ከ4.10 ወደ 4.56 ማድረስ ዳገት ላይ በደንብ የሚሰማ ለውጥ ነው። ማርሚታው ከታፈነ ይቀየር እንጂ ቱርቦ በሌለው ናፍጣ ላይ ሰፊ ጭስ ማውጫ ተአምር አያመጣም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካልበቃህ፣ ያኔ ቱርቦ እናስብ። ቶዮታ ራሱ ለታናሽ ወንድሙ፣ ለ2.4 ሊትሩ 2ኤል-ቲ ቱርቦ ሰጥቶታል። ስለዚህ ነገሩ ባዕድ አይደለም። ግን በልክ ይሁን። 0.5 ባር በቂ ነው። በዚያ ግፊት አየሩ በግማሽ የሚጨምር ሊመስልህ ይችላል። ሲታመቅ ስለሚሞቅ ግን ያለ ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) የምታገኘው ሩብ ያህል ነው። ኢንተርኩለር ሲኖር የበለጠ ታገኛለህ፣ ሞተሩም ይቀዘቅዛል። ከፍ ያለ ቦታ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ትርፉ ሁለት እጥፍ ነው፤ ከፍታው የወሰደውን ቱርቦው ይመልስለታል።

የፓምፑን ነገር ግን ልብ በል። በቱርቦ ሞተሮች ፓምፕ ላይ የአየሩን ግፊት አይቶ ናፍጣ የሚጨምር ክፍል አለ። ያንተው ፓምፕ ላይ የለም። ናፍጣውን ለቱርቦው ብለህ ከጨመርክ ቱርቦው ሳይነቃ በታችኛው ዙር ላይ ያጨስሃል። ወይ ፓምፑን ያ ክፍል ባለው ተካ፣ ወይ ናፍጣውን ብዙም ሳትነካ በተገኘው ተደሰት። እኔ ሁለተኛውን እመርጥልሃለሁ። የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም ደግሞ ቱርቦ እንዳታስነዳ። ከቱርቦው በፊት ሲለካ ረጅም ዳገት ላይ ከ700 ዲግሪ በታች ይቆይ። መርፌው ሲጠጋ እግርህን አንሳ። ለቱርቦው የሚሄደው ዘይት መመለሻው ሰፊና ቁልቁል መሆን አለበት፣ አለዚያ ዘይቱን በማኅተሙ በኩል ይተፋዋል።

ከቱርቦው አስቀድሞ ግን ራዲያተሩን አስጠርግ፣ የውኃ ፓምፑንና የማራገቢያውን ክላች አስይ። የእነዚህ ሞተሮች ደካማ ጎን ቴስታታው ነው። አንዴ ከጋለ በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉልበት የሚወራ ነገር የለም።

ሞተሩ ለካ በእርግጥ አልቆ ከሆነም ሩቅ አትሂድ። 5ኤል 2986 ሲሲ ነው፤ ያው ዘር ነው፣ ብዙውን ነገር ሳትቀይር ይገባልሃል። የተራቀቀ ኤሌክትሮኒክ ሞተር ከማስገባት፣ ሽቦና ኮምፒውተር ከማሳደድ ይሻልሃል።

እንግዲህ የአራቱን ሲሊንደር የኮምፕረሽን ቁጥር ጻፍልኝ። የጎማህን መጠንና የጭሱንም ቀለም ጨምርበት። ነጭ ነው ሰማያዊ? ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ሲሞቅም? እስከዚያ ያችን ብሎን ማንም አይንካብህ።

ለቤተሰቡ ሰላምታዬን አድርስልኝ። መልስህን በቶሎ እጠብቃለሁ።

የዘወትር ወዳጅህ