ለጥንታዊ ሳንቲም ሰብሳቢ አባላት፦ የቅዳሜው ስብሰባ

ውድ አባላት፣ የፊታችን ቅዳሜ ለንደን ውስጥ በተለመደው የቤተ መጻሕፍት ክፍል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንገናኛለን። የእንስሳት ምስል ያለባቸውን ትንንሽ የጥንት ግሪክ የብር ሳንቲሞች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመዝናለን፤ እንለያለን።

እኔ የጥንቷን የግሪክ ከተማ የኪዚኮስን ሳንቲም ይዤ እመጣለሁ። በአንድ በኩል የዱር አሳማ የፊት አካል፣ ከኋላው ቱና ዓሣ፤ በሌላው በኩል አፉን የከፈተ የአንበሳ ራስ አለበት። ክብደቱ 0.8 ግራም፣ ስፋቱ የትንሿ ጣት ጥፍር ያህል ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ግን የአሳማው የጀርባ ጠጉር እንደቆመ ይታያል። ዓሣው እንዲያው ጌጥ አይደለም። በዛሬዋ ቱርክ፣ በማርማራ ባሕር ዳር የነበረችው ኪዚኮስ በቱና ዓሣ ሀብቷ የታወቀች ስለነበረች መለያዋ አደረገችው።

ጉጉት ያለበትን የአቴና ከተማ ሳንቲም ወይም ኤሊ ያለበትን የኤጊና ደሴት ሳንቲም የያዛችሁ እባካችሁ አትቅሩ። ሳንቲሞቹን በወረቀት ፖስታ አምጡ፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ብሩ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣል። ሚዛኑን እኔ አመጣለሁ።

የግዢ ደረሰኝም አትርሱ። ምንጩ ያልታወቀ ሳንቲም በመካከላችን እንዳይለዋወጥ ቅዳሜ እንድንወስን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

መምጣታችሁንና የምታመጡትን ሳንቲም እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልኝ።