ይድረስ ለእህት ዓለም

እህት ዓለም፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእማዬን ነፍስ በገነት ያኑርልን። ይህን ያህል ጠፍቼ በሐዘን መምጣቴ ያሳፍረኛል፤ ይቅር በይኝ፣ ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ። አሁን ግን ታናሽሽ በስልክ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው «ያለ ኃጢአት መከራ አይመጣም» ቢልሽ ዝም አልሽ አሉ። አንቺ? አገር የሚፈራው ምላስሽ የት ሄደ?

ይህ አነጋገር እኮ በእኛ በአይሁድ ሕግ ክልክል ነው። የሊቃውንቱ የሕግ መጽሐፍ ታልሙድ፣ ባባ መጺዓ በሚባለው ክፍሉ ገጽ 58 ላይ፣ የታመመን ወይም ልጁን የቀበረን ሰው የኢዮብ ወዳጆች እንደተናገሩት አትናገሩት ይላል፤ ሰውን በቃል ከመበደል ይቆጥረዋል። እነዚያ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ አደረጉ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በሺቫም፣ በሰባቱ የሐዘን ቀናት፣ ሐዘንተኛው ሳይጀምር ጠያቂ አይናገርም።

መከራ ዋጋ አለው ያሉ ሊቃውንት የሉም አልልሽም፤ አሉ። ግን እዚያው እነሱ የሚከራከሩበት ገጽ ላይ፣ ብራኾት በሚባለው የታልሙድ ክፍል ገጽ 5፣ ራቢ (መምህር) ሒያ ባር አባ ታሞ ራቢ ዮሐናን ሊጠይቀው ይመጣል። «መከራህን ወደድከው?» ይለዋል። «እሱንም አልፈልግ፣ ዋጋውንም አልፈልግ!» ዮሐናን አልተከራከረውም፤ «እጅህን ስጠኝ» ብሎ አስነሳው። አስር ወንዶች ልጆቹን የቀበረ ሰው ነው ይህን ያደረገው። ኋላ እሱ ራሱ ሲታመም ያስነሳው ራቢ ሐኒና ነው። ለምን ራሱን አላስነሳም ቢባል፣ እስረኛ ራሱን ከእስር ቤት አያወጣም ይላል። እህት ዓለም፣ ሁላችንን ስታነሺ የኖርሽው አንቺ ነሽ፤ እና... እንዴት ብዬ እንደምለው ጠፋኝ። እስቲ አንቺም እጅሽን ስጪን።

የሺቫውን ቀን አታሳስቱ። ቀብሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካለቀ ያ ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሰንበትም ከሰባቱ ውስጥ ነው፤ ግን በሰው ፊት ሐዘን ስለማይታይበት ለሐዘን የተቀደደውን ልብስ ለውጪ፣ ጫማሽን አድርጊ። ሰባተኛው ቀን ጠዋት ጥቂት ተቀምጣችሁ ትነሳላችሁ። ደግሞ ለገባ ለወጣው ብድግ አትበዪ፤ ሐዘንተኛ ለአለቃም እንዲነሳ አይጠየቅም። ለሽማግሌ አለመነሳት በኛ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ጉልበትሽ ያልቃል።

ወንድምሽ ለእማዬ ቃዲሽ የሚባለውን ጸሎት የሚለው 11 ወር ነው፤ አስር ሰው ካልተሟላ አይባልም። ለወላጅ የሚታዘነው 12 ወር ሆኖ ሳለ ቃዲሹ አንድ ወር የቀነሰው፣ 12 ወር ሙሉ የሚፈረድበት ክፉ ሰው ነው ስለሚባል ነው፤ ልጅ እናቱን ከክፉ እንዳይቆጥር። ያ ሰው ተመልሶ ከመጣ ይህን ንገሪው። ካቃተሽ ታናሽሽ ትንገረው።

እሁድ እመጣለሁ። ምስርና እንቁላል ጎረቤት ሳያመጣ አይቀርም፤ እኔ እንጀራ ልያዝ ወይስ ዳቦ? መልሱን በታናሽሽ በኩል ላኪልኝ።